ቀዩ ዣንጥላ ለምን የተለጠፈ ይመስላል? ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ አንድ ቀለም ብቻ ስለማስቀረት

ጥያቄ፦ «ሰላም። ልጄ ዝናብ ላይ ቀይ ዣንጥላ ይዛ የቆመችበት ፎቶ አለኝ። ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አድርጌ ዣንጥላው ብቻ ቀይ ሆኖ እንዲቀር ፎቶሾፕ ላይ ሞከርኩ። ግን ከላይ የተለጠፈ ስቲከር ነው የሚመስለው። ዳር ዳሩን ቀጭን ቀይ መስመር ይታያል፣ ግራጫው ደግሞ አረንጓዴ አረንጓዴ ይለኛል። የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት? ሌላም አለ። የአያቴ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለኝ፤ የአንገት ልብሱን ብቻ ቀለም መስጠት ይቻላል?»

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ብዙ ሰው ይህን ሥራ የቆረጣ ሥራ አድርጎ ነው የሚያየው። ጠርዙን በጥንቃቄ ከተከተለ ያለቀለት ይመስለዋል። ለእኔ ግን ዋናው ብርሃኑ ነው። ቀለም ዕቃው ላይ ብቻ ተቀምጦ አይቀርም። ቀይ ዣንጥላ ዝናብ ላይ ሲከፈት ቀዩ እርጥቡ አስፋልት ላይ ይወርዳል፣ በጨርቁ አልፎ የሚገባው ብርሃን የልጅሽን ፀጉርና ትከሻ ያቀላዋል፣ ዘንጉ የሚያብረቀርቅ ብረት ከሆነ እሱም ላይ ቀይ ጭረት ይታያል። አንቺ ዣንጥላውን ቀይ ትተሽ ሌላውን ሁሉ ግራጫ ስታደርጊው ዕቃውን ከብርሃኑ ለየሽው። ዓይን ይህን ወዲያው ይይዘዋል። ምን እንደጎደለ መናገር ባይችልም ዣንጥላው እዚያ ቦታ ላይ እንዳልነበረ ይሰማዋል።

ግን ከግራጫው እንጀምር፣ ምክንያቱም ሰው የሚዘለው እሱን ነው።

ፎቶሾፕ ውስጥ ወደ ጥቁርና ነጭ የሚወስዱ ብዙ መንገዶች አሉ፣ እኩል ግን አይደሉም። ሞዱን ወደ ግሬይስኬል ከቀየርሽ የቀለሙ መረጃ ይጣላል። ሴቭ አድርገሽ ከዘጋሽው በኋላ የሚመለስ ነገር የለም። በዚያ ላይ በዚህ ሞድ ውስጥ ቀይ ብራሽ ብታነሺም የሚቀባልሽ ግራጫ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ አርጂቢ (ቀለም ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ የሚሠራበት ሞድ) ላይ ቆዪ። ዲሳቹሬት የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ፈጣን ነው፣ ግን ቀለሞችን አይለይም። የእያንዳንዱን ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁጥር ያይና የትልቁንና የትንሹን አማካይ ይሰጣል። በዚህ ስሌት ንጹህ ቀይ፣ ንጹህ ቢጫና ንጹህ ሰማያዊ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ቁጭ ይላሉ። ዓይናችን ግን ቢጫን ደማቅ፣ ሰማያዊን ጨለም ያለ አድርጎ ነው የሚያየው። ለቴሌቪዥን የወጣው የድሮው ቀመር እንኳ ለአረንጓዴ 58.7 በመቶ፣ ለቀይ 29.9፣ ለሰማያዊ 11.4 በመቶ ድርሻ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

እኔ የምጠቀመው ብላክ ኤንድ ኋይት የሚባለውን አድጀስትመንት ሌየር፣ ማለትም ፎቶው ላይ የሚነባበር የማስተካከያ ሽፋን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው የፎቶሾፕ ሲኤስ3 ስሪት ጀምሮ አለ። የራሱ ማስክ (ሌየሩ የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራ የሚወስን መሸፈኛ) አብሮት ይመጣል፣ ከሥሩ ያለውን ፎቶ አይነካም፣ ስድስት ማንሸራተቻም አለው፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሳያን፣ ሰማያዊና ማጀንታ። ገና ሲከፈት ቀዩ 40፣ ቢጫው 60፣ ሰማያዊው 20 ላይ ነው። እዚያው ላይ እንዳትተዪው። የሰው ቆዳ፣ ጠይምም ይሁን ቀይ፣ የሚኖረው ቀይና ቢጫው መካከል ነው። ሁለቱን ትንሽ ከፍ ስታደርጊ የልጅሽ ፊት ከዣንጥላው ጥላ ሥር ይወጣል። ከኋላ ዛፍ ካለ አረንጓዴውንና ቢጫውን ዝቅ ስታደርጊ ዛፉ ይጨልምና ዣንጥላው ወደፊት ይመጣል፤ እዚህ ጋ ቢጫው ለፊትም ለቅጠልም የጋራ ስለሆነ ሁለቱን እያየሽ ቀስ ብለሽ ነው። ሰማያዊውን ግን በጣም አትጎትቺው። ሰማዩ ላይ ነቁጥ ነቁጥ ያመጣብሻል።

አንድ ፈተና አለ፣ ሳልሠራው የማላልፈው። ሺፍትን ይዘሽ ማስኩን ክሊክ ስታደርጊ ማስኩ ለጊዜው ይጠፋል፣ ፎቶው በሙሉ ግራጫ ይሆናል። አሁን እይው። ዣንጥላው ከኋላው ካለው ነገር ይለያል? ዓይንሽ ወደ ልጅሽ ይሄዳል? ግራጫው ብቻውን ዝርግ ከሆነና ምንም የማይናገር ከሆነ ቀዩ አያድነውም፣ እንዲያውም ባዶነቱን ያጎላዋል። እዚህ ላይ ሰዓት ብትፈጂ ይሻልሻል፤ ከማስኩ ይልቅ የፎቶው ጥራት የሚወሰነው እዚህ ነው።

ወደ ቆረጣው ስንመጣ፣ እኔ በተቻለኝ መጠን አልቆርጥም። ቀለሙ ራሱ እንዲለይልኝ አደርጋለሁ። እንዲህ ነው፦ ከብላክ ኤንድ ኋይቱ ሌየር በላይ ሂዩ ኤንድ ሳቹሬሽን የሚባለውን አድጀስትመንት ሌየር ጨምሪ። ማስተር የሚለው ዝርዝር ውስጥ ግቢና ቢጫውን ምረጪ፣ ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ጥንካሬ) ወደ −100 አውርጂው። አረንጓዴውን፣ ሳያኑን፣ ሰማያዊውንና ማጀንታውንም እንዲሁ። ቀዩን ብቻ ተዪው። ብላክ ኤንድ ኋይቱን አጥፍተሽ ስታዪው የቀረው ዣንጥላው፣ የልጅሽ ቆዳና ከንፈር፣ ምናልባትም ከኋላ ያለ የመኪና መብራት ነው። አስፋልቱ ቀለም አልባ ሆኗል፣ ቅጠሉም እንደዚያው።

አሁን ብላክ ኤንድ ኋይቱን አብሪውና ማስኩን ያዢ። ማስክ ላይ ነጭ ማለት ግራጫው ይሠራል ማለት ነው፤ ጥቁር ማለት ግራጫው ይነሳል፣ ቀለሙ ይወጣል ማለት ነው። ዲ የምትለዋን ፊደል ስትጫኚ ጥቁርና ነጭ ይመጣልሻል፣ ኤክስ ደግሞ ሁለቱን ታለዋውጣለች። ለስላሳ ጥቁር ብራሽ አንሺና ዣንጥላውን ሸፈን አድርጊው። ትንሽ ወደ አስፋልቱ ብታልፊ ምንም አይደለም፣ እዚያ የሚወጣ ቀለም የለም። ጠርዙን የሚወስነው የፒክስሉ የራሱ ቀለም ነው፣ ያንቺ እጅ አይደለም፤ ለዚህም ነው የዝናቡ ጠብታዎችና የዣንጥላው ቀጫጭን ጫፎች ሳይቆራረጡ የሚቀሩት። መጠንቀቅ ያለብሽ ዣንጥላው ፊቷን ወይም እጇን የሚነካበት ቦታ ብቻ ነው፣ ቆዳም ቀይ ስላለው። እዚያ ጋ ብራሹን አሳንሺና ዙም አድርገሽ ሥሪ።

አንድ ጥንቃቄ። በሂዩ ኤንድ ሳቹሬሽን የተገደለው አረንጓዴ የሚሰጠው ግራጫና በብላክ ኤንድ ኋይቱ ማንሸራተቻ ያስተካከልሽው ግራጫ ድምቀታቸው አንድ አይደለም። አስፋልትና ደመናማ ሰማይ ከመነሻውም ግራጫ ስለሆኑ ልዩነቱ አይታይም። ከዣንጥላው ጀርባ ቅጠል ካለ ግን በብራሽሽ ያለፍሽበት ቦታ እንደ ጭጋግ ሆኖ ይቀራል። በዚያ በኩል ብቻ ማስኩን ወደ ጠርዙ ጠጋ አድርጊው።

ቀዩ መስመር። ፎቶሽ ጄፔግ እንደሆነ እገምታለሁ። አብዛኛው ጄፔግ የብርሃኑን መረጃ በሙሉ ይይዝና ቀለሙን ግን በአግድምም በቁመትም በግማሽ ቀንሶ ነው የሚያስቀምጠው፣ ማለትም ለአራት ፒክስል አንድ የቀለም መረጃ። ሙሉ የቀለም ፎቶ ላይ ይህ አይታወቅም። ጎረቤቱ ግራጫ ሲሆን ግን ከዣንጥላው አንድ ሁለት ፒክስል ወደ ውጭ የፈሰሰው ቀይ ተጋልጦ ይታያል። መፍትሔው ቀላል ነው። ማስኩን ምረጪ፣ ፊልተር ሜኑ ውስጥ አዘር የሚለው ሥር ማክሲመምን ክፈቺ፣ 1 ፒክስል ስጪው። ነጩ በአንድ ፒክስል ይሰፋል፣ ቀለም የሚወጣበት ክፍል ይጠባል። ይሄ የሚሠራው ግን ማስኩ ጠርዙን በቅርብ በሚከተልበት ቦታ ነው፤ ሰፋ አድርገሽ በቀባሽበት በኩል ቀጭን ነጭ ብራሽ ይዘሽ ጠርዙን ከውጭ ማስነካት ነው ያለብሽ። ለወደፊቱ በሮው (ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ካነሳሽ ይህ ጣጣ በጣም ይቀንሳል።

የጠርዙ ልስላሴም ከፎከሱ ጋር መሄድ አለበት። ወደ ካሜራው የቀረበው የዣንጥላው ጫፍ ደብዘዝ ያለ ከሆነ ማስኩም እዚያ ደብዘዝ ይበል። ፎከስ ውስጥ ያለው ጫፍ ደግሞ ጠንከር ያለ ጠርዝ ይፈልጋል። ለዙሪያው በሙሉ አንድ ዓይነት ፌዘር (የጠርዝ ማለስለሻ) መስጠት ስቲከር ከሚያስመስሉት ነገሮች አንዱ ነው።

አሁን መጀመሪያ ወዳልኩሽ ብርሃን። ጥቁር ብራሽሽን ኦፓሲቲውን (የመሸፈን አቅሙን) ወደ 40 በመቶ አውርጂና አስፋልቱ ላይ ያለውን የዣንጥላውን ነጸብራቅ አንዴ ቀቢው። ነጸብራቁ ከዣንጥላው ደመቅ ማለት የለበትም፣ ደብዘዝ ብሎ ይታይ። ትከሻዋና ፀጉሯ ላይ ቀይ ብርሃን ካረፈ እዚያ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይበቃል። ፊቷ ላይ ግን እኔ ብሆን ምንም አልተውም። ግራጫ ፊት ላይ የቀረ ቀይ እንደ ሕመም ነው የሚታየው፣ የልጅ ፊት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ ብርሃኑ በእውነት ጠንካራ ከሆነ 10 በመቶ ሞክሪና ራስሽ ፍረጂ። ተቃራኒውንም እዪ። የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ከሆነ ዣንጥላው ላይ የሰማዩ ሰማያዊ ወይም የዛፉ አረንጓዴ ያርፍ ነበር፣ እሱን ሂዩ ኤንድ ሳቹሬሽኑ አስቀድሞ አጽድቶልሻል። ይሄም አንድ ጥቅሙ ነው።

ይህን ስትጨርሺ የዣንጥላውን ሳቹሬሽን ቀንሺ። እዚያው ሂዩ ኤንድ ሳቹሬሽን ውስጥ ቀዩን ወደ −15 ወይም −25 አውርጂው። በቀለም ፎቶው ላይ ልክ የነበረው ቀይ ዙሪያው ሁሉ ግራጫ ሲሆን ይጮኻል፣ የሚያረግበው ሌላ ቀለም የለምና። ፎቶውን በጣም አሳንሰሽ እዪው። ልጅሽን ሳታዪ ቀይ ነጥብ ብቻ ካየሽ ገና አልቀነሰም።

ግራጫው አረንጓዴ ያለሽን ነገር በጣም ወደድኩት፣ በደንብ አይተሻል ማለት ነው። ኢንፎ ፓነሉን ክፈቺና አይጤውን ግራጫው ላይ አድርጊ። የአርጂቢ ሦስቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ግራጫው ንጹህ ነው፣ አረንጓዴውን የፈጠረው ዓይንሽ ነው። ሚሼል ዩጂን ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1839 በሰፊው የጻፈበት ነገር ነው። ጎብለን በሚባለው የፓሪስ የምንጣፍ ሥራ ቤት የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ክሮቹ ደበዘዙ ተብሎ ቅሬታ ሲቀርብ መርምሮ፣ ችግሩ ከክሩ ሳይሆን ከጎኑ ከተሠራው ቀለም እንደሆነ አገኘ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች አንዱ ሌላውን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። ቀይ አጠገቡ ያለውን ግራጫ ወደ አረንጓዴና ሳያን ይገፋል፣ ቢጫ ቢሆን ኖሮ ወደ ሰማያዊ ነበር የሚገፋው። መድኃኒቱ ግራጫውን በጣም ትንሽ ሞቅ ማድረግ ነው። ከሁሉም በላይ ፎቶ ፊልተር የሚባለውን ሌየር ከሞቃቶቹ በአንዱ ጨምሪ፣ ዴንሲቲውን ወደ 5 በመቶ አውርጂ፣ የብላክ ኤንድ ኋይቱን ማስክ አልት ይዘሽ ወደ እሱ ጎትቺው፤ የማስኩ ቅጂ እሱም ላይ ያርፋል፣ ዣንጥላው አይነካም። ሰው ሴፒያ ነው ብሎ ማየት የለበትም። ካየው በዝቷል።

በፎቶሾፕ ፈንታ ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የምትጠቀሚ ከሆነ ትሪትመንቱን ብላክ ኤንድ ኋይት አታድርጊው፣ ያኔ ብራሽ ቀለሙን አይመልስልሽም። ፎቶውን ቀለም እንዳለ ተዪው። ዣንጥላውን በማስክ ምረጪ፣ ማስኩን ገልብጪ (ኢንቨርት)፣ ሳቹሬሽኑን −100 አድርጊ። ለነጸብራቁ ከማስኩ ላይ ብራሹን በደካማ ፍሎው (ቀስ እያለ በሚቀባ መጠን) አድርጎ መቀነስ ነው። ስልክ ላይ ስናፕሲድ ይበቃል። ብላክ ኤንድ ኋይቱን ካደረግሽ በኋላ የኤዲቶቹን ዝርዝር ክፈቺ፣ እዚያ ብራሽ አለ፣ ጥንካሬውም 25፣ 50፣ 75 እያለ ይለወጣል። አንዳንድ ካሜራዎች ሲነሳ ጀምሮ አንድ ቀለም ብቻ የሚያስቀሩበት ሞድ አላቸው። እሱን አልመክርም። ከንፈርና ዣንጥላን አይለይም፣ ጄፔጉ ውስጥ የጠፋው ቀለም ደግሞ በኋላ አይገኝም።

የሚታተም ከሆነ አስቀድመሽ ፕሩፍ ከለርስን (ሲታተም ምን እንደሚመስል ስክሪን ላይ የሚያሳየውን) አብርተሽ እዪው። ስክሪን ላይ የሚያበራ ቀይ በማተሚያ ቀለም ሁልጊዜ አይገኝም። ሲደበዝዝ ደግሞ የዣንጥላው ዝርዝር አብሮ ይጠፋል፣ እጥፋቱና ጠብታው አንድ ዝርግ ቀይ ይሆናል። ሳቹሬሽኑን ቀድመሽ ከቀነስሽ ይህ አደጋ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለሚያሳስበኝ። ይህ ዘዴ የሚያምረው ቀለሙ ራሱ ጉዳዩ ሲሆን ነው። ዝናብ፣ ግራጫ ቀን፣ ቀይ ዣንጥላ የያዘች ልጅ፤ ያንቺ ፎቶ ላይ ቀለሙ ጉዳዩ ነው። የሰውን ዓይን ብቻ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ አድርጎ ፊቱን ግራጫ መተው ግን አልወድም። ዓይን ከፊት ጋር ነው የሚናገረው፤ ቀለም ሲሰጠው ከሰውዬው ይለያል።

ወደ አያትሽ ፎቶ እንሂድ። ይቻላል፣ ግን ሌላ ሥራ ነው። እዚያ የተደበቀ ቀለም የለም፣ የምታመጪው አንቺ ነሽ። አዲስ ነገርም አይደለም። ዳጌሮታይፕ የሚባለው የመጀመሪያዎቹ ዘመናት የፎቶ ዘዴ ለሕዝብ ይፋ በሆነ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1840 አካባቢ፣ ዮሃን ባፕቲስት ኢዘንሪንግ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የቀለም ዱቄትና የአረብ ሙጫ ይዞ ፎቶ ላይ ይቀባ ነበር።

ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ስካን አድርጊው፣ 600 ዲፒአይ፣ ከተቻለ 16 ቢት። ባዶ ሌየር ጨምሪ፣ ብሌንድ ሞዱን ከለር አድርጊው፣ የአንገት ልብሱን በለስላሳ ብራሽ ቀቢ። ይህ ሞድ ቀለሙንና ሳቹሬሽኑን ካንቺ ይወስዳል፣ ድምቀቱን ግን ከፎቶው ያስቀራል። እጥፋቱና ጥላው የሚተርፈው በዚህ ነው። አንድ ገደብ አለው። ፍጹም ነጭና ፍጹም ጥቁር የሆነ ቦታ ቀለም አይቀበልም። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከነደደ መጀመሪያ ከርቭስ በሚባለው የብርሃን ማስተካከያ ትንሽ አጨልሚው። አንድ ቀለም ብቻም አትጠቀሚ። ጥላው ላይ ጠቆር ያለ፣ ብርሃን ያረፈበት ላይ ሳሳ ያለ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ያዢ። ኦፓሲቲውን ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል ፈልጊው።

የስካኑን ቢጫማ ወረቀት አጥበሽ ንጹህ ግራጫ አታድርጊው። ትኩስ ቀይ ንጹህ ግራጫ ላይ ሲቀመጥ ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው። ወረቀቱ ሞቅ እንዳለ ይቆይ፣ ቀለሙም እንደ ወረቀቱ ያረጀ ይምሰል። እዚህም ያው የብርሃን ነገር ነው፤ ቀለሙና ዙሪያው አንድ ዓለም ውስጥ መሆን አለባቸው።

ቀለሙ ምን ነበር የሚለውን ደግሞ ከግራጫው ለማወቅ አትቸኩዪ። ሄርማን ቪልሄልም ፎግል የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1873 ማቅለሚያ በመጨመር ፕሌቶች (ያኔ ፎቶ የሚነሳባቸው ሰሌዳዎች) አረንጓዴንም እንዲያዩ የሚያደርግ መንገድ እስኪያገኝ ድረስ፣ የፎቶ ፕሌት በደንብ የሚያየው ሰማያዊን ነበር። ቀይን ጭምር የሚያዩት ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1906 ገደማ ነው፣ ከዚያም በኋላ የቀድሞዎቹ ለብዙ ዓመታት አብረው ሠርተዋል። ቀይን በማያይ ፊልም ላይ ቀይ ጨርቅ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊ ደግሞ ነጭ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ፎቶው የቆየ ከሆነ ጠቆር ያለው የአንገት ልብስ ቀይ ሊሆን ይችላል። ቀለም የሚያለብሱ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራሞችም የሚሰጡሽ ግምት ነው። ዕቃው ቤት ውስጥ ካለ እሱን እዪ፣ ከሌለ አያትሽን የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቂ። ስካኑን ሳትነኪው ለብቻው አስቀምጪ፣ የምትቀቢውን ቅጂ ደግሞ ከነሌየሩ በፒኤስዲ ያዢው፤ ስለ ቀለሙ ነገ ሌላ ነገር የሚያስታውስ ሰው ቢመጣ አንድ ሌየር ብቻ ነው የምትቀይሪው።